የእስያ ጥበብ መጽሔትና ሁለቱ አዘጋጆቿ

ሥራ የጀመርኩት ዲግሪዬን በያዝኩ በዓመቱ ነው። ኮሌጃችን ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ፎቆች በአንዱ ላይ ጥቂት ክፍሎች ነበሩት፤ በአንደኛው ስለ እስያ ጥበብና አርኪዮሎጂ የምትጽፍ መጽሔት ትዘጋጃለች። የእኔ ድርሻ የሚመጡ ጽሑፎችን መቀበል፣ ለገምጋሚ መላክ፣ የገምጋሚውን ቃል ለጸሐፊው ማድረስና ማተሚያ ቤት መመላለስ ነበር። ጎንደር ተቀምጦ ስለ ህንድ ጨርቅና ስለ ቻይና ሸክላ የሚጽፍ መጽሔት አለ ብዬ ስነግራቸው ዘመዶቼ ሳቁ። እኔም የቅጥር ማስታወቂያውን ያነበብኩ ቀን ስቄ ነበር።

መሥራቿና አዘጋጇ አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩ። የመጽሔቷን ታሪክ ለአዲስ ሰው ሁሉ ቁጭ አድርገው ይነግራሉ። በወጣትነታቸው ህንድ አገር ተምረው ሲመለሱ፣ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የተሣሉት ቅዱሳን የለበሱት ጨርቅ እዚያ ሙዚየም ውስጥ ሲያዩት የኖሩት ጨርቅ ሆኖ አገኙት፤ አበባው፣ ቅጠሉ፣ የጠርዙ ጥልፍ ሳይቀር።

«ሠዓሊው ከሐሳቡ አላመጣውም» ይሉኝ ነበር። «ነጋዴ በባሕር አሻግሮ ያመጣው ግምጃ ፊቱ ተዘርግቶለት ነው የሣለው። በየቀኑ የምትይዢው ሲኒ እንኳ፣ ስሙ ‹የቻይና› ማለት ነው። ዕቃው ሲመጣ ስሙንም ይዞ መጣ።»

ይህን የሚያጠና መጽሔት ይቋቋም ብለው ሲጠይቁ የሰማቸው አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን እትሞች በስቴንስል አባዝተው፣ ከሚስታቸው ጋር በመርፌና በክር ሰፍተው፣ በፖስታ ውጭ አገር ላሉ ቤተ መጻሕፍት ላኩ። በልዋጩ የእነዚያ አገሮች መጽሔቶች እየመጡ መደርደሪያው ሞላ። እኔ ስደርስ መጽሔቷ ቀይ ሽፋን ለብሳ ማተሚያ ቤት ትታተማለች፤ በሩቅ አገር ያሉ ምሁራንም በጽሑፋቸው ይጠቅሷታል። መምህሩ ልጅ አልወለዱም። ሚስታቸው ቢሮ በመጡ ቁጥር መደርደሪያውን እያዩ «ጣውንቴ እንዴት አደረች?» ይሉኝ ነበር፤ ሲሉት ግን አይስቁም።

መምህሩ ጨካኝ ነበሩ። ጨካኝ የምለው የሚቆጡ ሰው ነበሩ ለማለት አይደለም፤ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። አንዲት መምህርት ከባሕር ዳር ጽሑፏን ይዛ መጥታ ነበር። ፊታቸው አስቀመጧትና እስክሪብቶ አንሥተው የመጀመሪያውን ገጽ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አሰመሩበት። ገለጡ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። አንድ ቃል ሳይናገሩ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ እየሰረዙ ሄዱና፣ ወረቀቱን አስተካክለው መለሱላት። «ርዕሱ ጥሩ ነው» አሏት። ልጅቷ ደረጃውን ስትወርድ እየተደናቀፈች ነበር። የመጽሔቷም ክብር ከዚህ የመጣ ነው ይባል ነበር፤ እዚያ የታተመ ሰው እሳት ውስጥ ያለፈ ያህል ይኩራራል።

ኮሌጁ ውስጥ አንድ ወጣት የታሪክ መምህር ነበረ። አባቱ በላይ አርማጭሆ ወረዳ፣ ከትክል ድንጋይ ከተማ ወረድ ብላ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ናቸው። ልጁ በዕረፍት ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ ሳለ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሰማያዊ አበባ ያለበት የሸክላ ስባሪ ያገኛል። ከጎንደር ነገሥታት ዘመን የቀረ የቻይና ሸክላ ነው ብሎ ጽሑፍ ጻፈና አመጣው። መምህሩ አነበቡት። እንደሌላው ጊዜ መስመር ይስቡበታል ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አሉ።

«ይህንማ ሰው ይስማው» አሉት። «አዲሱ እትም በሚመረቅበት ቀን አቅርበው። አባትህንም ጥራቸው።»

ልጁ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነ። የአባቱን የጥሪ ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በምረቃው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቄሱ አዲስ ጥምጥም ጠምጥመው ከፊት ተቀምጠዋል። ልጁ ጽሑፉን አቀረበ፤ የስባሪውን ፎቶ በትልቁ አሳየ፤ ተጨበጨበለት። መምህሩ ከተቀመጡበት ተነሡና ከቦርሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ወደ ልጁ አልሄዱም፤ ወደ አባቱ ሄዱ። ጋዜጣውን ሲፈቱት ሰማያዊ አበባ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ነው።

«አባታችን፣ ይህችን ዕቃ ያውቋታል?»

ቄሱ በሰው ፊት በመጠየቃቸው ደስ ብሏቸው ሳህኑን ተቀብለው አገላበጡት።

«ምነው አላውቃት! ትክል ድንጋይ ገበያ ሞልታ የለ። መንገድ ሊሠሩ የመጡት ቻይናዎች ካምፓቸውን ሲያነሡ ነው የተሸጠችው። ሸጋ ዕቃ ናት፤ እኛም ቤት አለች።»

«ትሰበራለች?»

«ልጆች ሲያጥቡ ይሰብሯታል እንጂ።»

«ስባሪውን የት ትጥሉታላችሁ?»

«ከብት እንዳይረግጠው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነዋ። እዚያ ጉድጓድ አለ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አባታችን» አሉ መምህሩ። «ጥናቱን የጨረሱልን እርስዎ ነዎት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ነገሩ ያልገባቸው ቄስ ከሰዉ ጋር አብረው ሳቁ። ሳህኑን እንደያዙ ወደ ልጃቸው ዞር ሲሉ ግን ፊቱን አዩት። ያን ጊዜ ሳህኑን ቀስ ብለው ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

ሰዉ ሲበተን መምህሩን ለብቻቸው አግኝቼ «አባትየውን ለምን አስገቧቸው?» አልኳቸው።

«ስህተቱን ቢሮ ጠርቼ ብነግረው ይረሳዋል» አሉኝ። «አሁን አይረሳውም።»

በዚህም አላበቁም። በሚቀጥለው እትም ስለ ነገሩ አጭር ማስታወሻ ጻፉ፤ ስም አልጠሩም፤ መጥራትም አላስፈለጋቸውም። ተማሪዎች ልጁን «ሳህኑ» ብለው ሰየሙት። ክፍል ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ሳህን ተደፍቶ ይጠብቀዋል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኘሁትና የማጽናኛ ቃል ስፈልግ፣ «ተይው፣ ልክ ናቸው፤ ሸክላው ቻይና ለመሆኑማ አልተሳሳትኩም» አለኝ። ሊስቅ ሞክሮ አልቻለም። ብዙም ሳይቆይ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደዚያው ወደ ቻይና ሄደ።

እሱ በሌለባቸው ዓመታት የመምህሩ ዓይን እየደከመ መጣ። ሐኪሞች ግላኮማ ነው፤ ዘግይተዋል አሏቸው። ለማንም አልተናገሩም። ጽሑፍ ሲመጣ «አንብቢልኝ፣ ድምፅሽ ደስ ይለኛል» ይሉኝ ጀመር። ድምፄ ደስ እንደማይላቸው አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ዝም በይ ብለውኛል። መስመር የሚያሰምሩት እኔ እጃቸውን ይዤ ባስቀመጥኩላቸው ቦታ ሆነ።

ልጁ ዶክተር ሆኖ ተመለሰ። የቻይና ሸክላ የሚተኮስባቸውን የጥንት ምድጃዎች አጥንቷል፤ ቋንቋውንም ጠንቅቆ ያውቃል። ኮሌጁ መምህሩን በጡረታ አሰናብቶ መጽሔቷን ለእሱ ሰጠ። የገባ ቀን ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው።

«መምህር፣ ጠረጴዛዎ አይነካም» አላቸው። «መሥራቻችን ነዎት፤ ሲፈልጉ ይምጡ።»

በሳምንቱ ጠረጴዛው አሮጌ እትሞች ወደተከመሩበት መጋዘን ተዛወረ። እርግጥ ነው፣ አልተነካም፤ መሳቢያው ውስጥ ያለው እስክሪብቶ እንኳ እንደነበረ ነው። መምህሩ በየጠዋቱ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ መጥተው እዚያ ይቀመጣሉ። መስኮት የለውም፤ ለእሳቸው ግን መስኮት ኖረም አልኖረም ለውጥ አልነበረውም።

በዕድሜያቸው ሙሉ ማስረጃ ሲሰበስቡለት የቆዩት አንድ ጽሑፍ ነበራቸው፤ ስለ ቅዱሳኑ ልብስና ስለ ህንድ ጨርቅ። የሌላውን ሲሰርዙ የራሳቸውን ሳያሳትሙ ቀሩ። አሁን ቃሉን እሳቸው እየተናገሩ እኔ እየጻፍኩ ጨረስነውና ለአዲሱ አዘጋጅ ሰጠሁት።

«ለገምጋሚ እኔው እልከዋለሁ፤ አንቺ አትድከሚ» አለኝ።

ለገምጋሚ መላክ የእኔ ሥራ ነው፤ ማን ምን ተላከለት የሚለውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጽሑፉ ከዚያ ክፍል አልወጣም። ግምገማው ግን ስም የሌለው ሆኖ በጥሩ ወረቀት ታትሞ መጣ። ወደ መጋዘኑ ገብቼ አነበብኩላቸው።

«ጸሐፊው መጽሐፍ ካነበቡ ብዙ ጊዜ የሆናቸው ይመስላል» ይላል። መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁና እንዲስተካከል የተባለውን ሁሉ አስተካከሉ። ሁለተኛው ግምገማ መጣ። እሱን ሳነብ መሐል ላይ አቆምኩ።

«ምነው ቆምሽ?»

«ፊደሉ ጠፍቶብኝ ነው።»

«አልጠፋም። አንብቢ።»

አነበብኩት። «ስለ ቀለም የሚናገር ጽሑፍ ቀለም በሚያይ ሰው ቢጻፍ ይመረጥ ነበር።»

መምህሩ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ይህ ሰው መጻፍ ያውቃል» አሉ። ማን እንደጻፈው ያውቁ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

በሦስተኛው ላይ የተጠየቀው ፎቶግራፍ ነው። የጽሑፉ ዋና ማስረጃ በአንዲት የላይ አርማጭሆ ቤተ ክርስቲያን ያለ የእመቤታችን ሥዕል ነው፤ መምህሩ በወጣትነታቸው ያነሡት ፎቶ ደብዝዟል፤ አዲስ ካልቀረበ አይታተምም ይላል። ቤተ ክርስቲያኑ የቄሱ፣ የአዲሱ አዘጋጅ አባት የሚያገለግሉበት ነው። እሱ ይህን አውቆ ጻፈው። መምህሩም አውቀው ሰሙት።

«እንሄዳለን» አሉ።

በአካባቢው በነበረው ተኩስ ምክንያት ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ሲከፈት ማኪና አገኘን። ከትክል ድንጋይ በኋላ በእግር ነው። ትከሻዬን ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ፤ ሁለቴ ወድቀው ጉልበታቸው ተላጠ። ቄሱ ከደጃቸው ላይ አዩን። አወቁን።

«ግቡ» አሉ። «እንግዳ ደጅ አይቆምም።»

ሚስታቸው እግራችንን አጠቡን፤ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን፤ ጠላ በጣሳ ቀዱልን። እሳቸውም ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «በጣሳ ማቅረቤን አትታዘቢኝ፣ የሸክላ ዕቃ ከቤታችን ከወጣ ቆይቷል» አሉኝ። ቄሱ በልተን እስክንጨርስ ጠበቁ።

«አባታችን» አሉ መምህሩ፣ «የመጣሁት የእመቤታችንን ሥዕል ፎቶ ላነሣ ነው።»

«ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። አልከፍትም።»

«ያን ቀን የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ክፉ አልተናገርኩም።»

ሌላ ነገር ቢናገሩ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እውነትማ ነበር። የተናገርኩትም እኔው ነኝ። አንተ ጠየቅኸኝ፣ እኔ መለስኩልህ። ልጄ አንተን ይቀየማል ብለህ ታስባለህ? የተቀየመው እኔን ነው። ከቻይና ከተመለሰ ወዲህ እዚህ ቤት አላደረም። ለበዓል ይመጣና በር ላይ ቆሞ እናቱን ስሞ ይሄዳል። እኔ ስናገር መሬት መሬት ያያል።» ተነሡ። «ሳይመሽባችሁ ሂዱ። ስንቅ ትቋጥርላችሁ።»

መምህሩ ግራ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው በር ፈለጉ። ቤተ ክርስቲያኑ ከቤቱ የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው የሚርቀው። በአጠገቡ ስናልፍ፣ «ደረስን?» አሉኝ። «አለፍነው» አልኳቸው።

ፎቶው እንዳልተገኘ ስናሳውቅ ጽሑፉ «ማስረጃ የሌለው» ተብሎ ተመለሰ። ያን ዕለት መምህሩ ወደ አዘጋጁ ክፍል ውሰጂኝ አሉኝ። ከበሩ ላይ ቆሙ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ልለምንህ ነው የመጣሁት» አሉት። «አንዴ አትምልኝ።»

ልጁ ተነሥቶ ወንበር አቀረበላቸው፤ ክንዳቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። ድምፁ የሐኪም ድምፅ ይመስል ነበር።

«መምህር፣ ይህችን መጽሔት ያስከበሯት እርስዎ ነዎት። ለሰው ብለን አንድ ገጽ ብናትም ነገ ማን ያምነናል?»

«ልክ ነህ» አሉ መምህሩ። «እኔም ብሆን አላትመውም ነበር።»

ልጁ ይህን ሲሰማ የጠበቀው ነገር የቀረበት ሰው ይመስል ነበር። ምናልባት እንዲቆጡ፣ ወይም ስለዚያ ቀን አንድ ነገር እንዲናገሩ ይፈልግ ነበር። እሳቸው ግን ዱላቸውን ፈልጌ እንድሰጣቸው ጠየቁኝና ወጡ። ከዚያ በኋላ ቢሮ አልመጡም። በክረምቱ አረፉ። ተኩሱ አገርሽቶ መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክም ተቋርጦ ስለነበር ቀብራቸው ላይ የተገኘው የሰፈር ሰው ብቻ ነው፤ ከኮሌጁ እኔና እሱ ነበርን። አፈር ሲለብሱ እሱ አለቀሰ። የማስመሰል ለቅሶ አልነበረም።

በዓመቱ የመታሰቢያ እትም ወጣ። ሽፋኑ ላይ የመምህሩ ፎቶ አለ። መግቢያውን እሱ ነው የጻፈው፤ እንደዚያ ያለ የሚያምር ውዳሴ መጽሔቷ ላይ ታትሞ አያውቅም። የመጀመሪያው ጽሑፍ የመምህሩ ነው፣ ያው የቅዱሳኑ ልብስ፤ ከላዩ ግን ሁለት ስም አለ። የእሱ ስም ቀድሟል። ጥርት ያለ የእመቤታችን ሥዕል ፎቶ ሙሉ ገጽ ይዞ ታትሟል፤ አንሺው እሱ ነው። ማተሚያ ቤት ስመላለስ አይቼው ነበርና ጠየቅኩት።

«ያለ ፎቶው አይታተምም ነበር» አለኝ። «ፎቶው የእኔ ነው። ሕጉ ይኸው ነው፤ እሳቸው ያወጡት ሕግ።»

በምረቃው ቀን ሚስታቸው ጥቁር ለብሰው መጡ። እትሙ በመጠቅለያ ወረቀት ታሽጎ ተሰጣቸው። ከፍተው ገለጡትና ጣታቸውን ከርዕሱ በላይ አኖሩ።

«ይህ ማን የሚባል ነው?»

ነገርኳቸው። ብዙ አዩት። «ይሁን፤ ባለቤቴ እንደሆነ ዓይኑ አያይ» አሉና ዘጉት። መጽሔቱን ወንበሩ ላይ ትተውት ነው የሄዱት።

እኔም ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራውን ለቀቅሁ፤ አሁን ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ዕቃ ቤት አለኝ። መጽሔቷ ማተሚያ ቤት ቀርቶባት በኢንተርኔት ብቻ ትወጣለች፤ ኢንተርኔት ሲጠፋም አትወጣም። እሱ እዚያው ቻይና የማስተማር ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ በዚያው ሆኖ ነው የሚያዘጋጃት ይባላል።

ባለፈው ፋሲካ ሲቃረብ ቄሱ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። የሕክምና ወረቀት ኮፒ ሊያስነሡ መጥተው ነው። አወቁኝ፤ ወንበር ሰጠኋቸው።

«ያ መምህርሽስ?»

«አርፈዋል፣ አባ።»

አማተቡ። «ነፍሱን ይማር። ምነው ያን ቀን በከፈትኩለት!» አሉ። ቆይተው ፊታቸው በራ። «ልጄ ግን ታረቀኝ። ድንገት አንድ ማታ ከተፍ አለልሽ። ከእኔ ጋር በላ፣ እኔ ቤት አደረ፣ እንደ ልጅነቱ ሲጫወት አመሸ። ሲነጋ ‹አባባ፣ የእመቤታችንን ሥዕል ልይ› አለኝ። ምን ልለው እችላለሁ? ሮጬ ከፈትኩለት። ፎቶም አነሣ።»

የመታሰቢያው እትም መደርደሪያዬ ላይ ነበር። አውርጄ ገጹን ገለጥኩላቸው። ሥዕሉን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ተሳለሙት።

«ሸጋ ወጥታለች» አሉ።

«ከዚያ ወዲህ መጥቶ ያውቃል?»

«አልመጣም። ሥራ በዝቶበት ነው። ለፋሲካ ሳይመጣ አይቀርም፤ በግ አስቀርቼለታለሁ።»

አገር ለቆ እንደሄደ ነገርኳቸው። ሳልነግራቸው መቅረት እችል ነበር፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ዛሬም ብጠየቅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም፤ በጉን እያሰብኩ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቄሱ መጽሔቱን ዘግተው መለሱልኝ። የሕክምና ወረቀታቸውን ከነኮፒው አጥፈው በደረታቸው ከተቱ፤ የትክል ድንጋይ ማኪና ከየት እንደሚነሣ ጠየቁኝ። አሳየኋቸው፤ ሄዱ። ሁለት ተማሪዎች ፈተና ሊያባዙ ቆመው ስለነበር ወደ ማሽኑ ተመለስኩ።